ሚስተር ማን አለው እና የአባቴ ወንበር

ኮልፌ፣ ግንቦት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለድሮው ጎረቤቴ፣

የሚዛን ተፈሪ ዝናብ ክረምት ከበጋ አይለይም ሲሉ እሰማለሁና ከሁሉ በፊት የምጠይቅህ አፍንጫህን ነው። ደመና ገና ከእንጦጦ ብቅ ሲል ማስነጠስ የሚጀምረው ያ አፍንጫህ እንዴት አድርጎ ቻለው? ጤናህስ? ትምህርት ቤትህስ? እህትህ ዓለም «ዳይሬክተር አደረጉት እኮ!» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ደወል ተደውሎ፣ ተማሪ ተሰልፎ፣ ስም ተጠርቶ ካበቃ በኋላ በአጥር ሾልኮ ይገባ የነበረ ልጅ ዛሬ ደወል አስደዋይ! ብቻ ደህና ሁንልኝ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ያማርራሉ እንጂ ጋዜጣቸውን ዛሬም ከአርእስቱ እስከ ማስታወቂያው ያነባሉ። እኔም ያው ነኝ፤ መጽሔቱ ላይ ስለ ሰው ሠርግና ስለ ሰው ጸጉር አሠራር እየጻፍኩ አለሁ።

«አሥር ዓመት ሙሉ ድምፅሽን አጥፍተሽ ዛሬ ምን ነካሽ?» እንደምትል አውቃለሁ። ሁለት ነገር ነካኝ። አንደኛው መርዶ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ሚስተር ሞተ። ጥር ላይ፣ በአገሩ፣ በእንቅልፉ። ሁለተኛው አባባ ሽማግሌዎችህን ሁለት ሰንበት በራችን ላይ አቁመው የመለሱበት ነገር ነው። በሩ ተዘጋ ብለን አንተም እኔም በየፊናችን ሄድን። ሰሞኑን ግን ያኔም ቢሆን እንዳልተዘጋ ሰማሁ። እንደ ልማዴ ዙሪያውን ዞሬ ነው የምደርስበትና ታገሠኝ።

የሞቱ ወሬ እንደመጣ የመጽሔታችን አዘጋጅ «አንቺ ታውቂው ነበር አሉ፤ ሁለት ገጽ ስጪኝ» አለኝ። «ኦስዊን ታርቨር፣ በብዙ ዓይነት ጽሑፍ የተካነ እንግሊዛዊ ደራሲና የሥነ ጽሑፍ ስብስቦች አዘጋጅ» ብዬ ጀመርኩና ራሴው ሳቅኩ። ኮልፌ ውስጥ ማን በዚህ ስም ያውቀዋል? ከአጠና ተራ እስከ ጦር ኃይሎች «ሚስተር ማን አለው» ነው። ሠፈሩ በሙሉ ያለ ይሉኝታ «አንተ» የሚለው ብቸኛ ሽበታምም እሱ ነበር።

ወፍጮ ቤቱን ታስታውሳለህ? እትዬ ወለተጻድቅ ተራ ይዘው፣ እህላቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ተረት ጣል ሲያደርጉ ሚስተር ካርዱን ከኪሱ መዥረጥ ያደርጋል።

«ማን አለው?»

«አበው ናቸው ያሉት!»

«የትኛው አበው?»

«ወይ ጉዴ! እንግዲያ አያቴ ናቸው በል።»

«ስማቸው ማነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ተረት ነው የምትጽፈው ወይስ የዕድር መዝገብ?»

እሱ ሳይሰለች ይጽፋል። ተረቱን፣ የተናገረውን ሰው ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑን። በእሱ የጫማ ካርቶን ውስጥ ስም የሌለው ቃል አይገባም ነበር። «የሰውን ቃል ያለ ስሙ መውሰድ ከሰው ግቢ ዶሮ እንደ መያዝ ነው» ይለኝ ነበር። ካርዶቹን በታይፕ የምመታለት እኔ፣ ከእህትህ ሱቅ ደጃፍ የሰማኸውን እየለቃቀምክ የምታመጣለት አንተ። አንተና እኔ መጀመሪያ የተያየነው በእነዚያ ካርቶኖች መሃል ነው። እሱ አላየንም ብለን እናስብ ነበር። ወይ እኛ!

ለመጽሔቱ ስለ ሥራዎቹ ስጽፍ ሁለት ገጽ የት ይበቃኛል? ይኼ ሰው ያልጻፈው ምን አለ? በሦስት የብዕር ስም የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጽፏል፤ ከሦስቱ አንዱ የሴት ስም ነው፤ አንባቢ ሴቶች የሹራብ አሠራር እየሳሉ ይልኩለት ነበር። ፖስታ ቤት ስለከፈተች ጃርት የልጆች ተረት ጽፏል። የሬዲዮ ተውኔት ጽፏል። ማንም ስለማያውቀው አንድ የመርከብ መብራት ጠባቂ ወፍራም የሕይወት ታሪክ አውጥቷል። የምግብ አሠራር መጽሐፍም አለው፤ እሱ እንኳን ምግብ ሊሠራ፣ እንቁላል ሲቀቅል ድስት ያቃጥል እንደነበር አባባ ምስክር ናቸው። አንዲት ቀጭን የግጥም መጽሐፍ አለችው፤ «ስንት ሰው ገዛልህ?» ብለው ሲጠይቁት «አክስቶቼ ሁሉ» አላቸው።

ከሁሉ የሚወደው ግን የሰው ጽሑፍ መሰብሰቡን ነበር። ስለ ባሕር፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጠብ፣ በባቡር ለሚሄድ ሰው፣ ሆስፒታል ለተኛ ሰው፤ እያንዳንዱን ከየመጽሐፉና ከየሰው አፍ ሰብስቦ አርባ ምናምን ስብስብ አሳትሟል። አባቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። በዘጠኝ ዓመቱ ከወንበሩ ሥር ተቀምጦ መንገደኛ የሚያወራውን ይጽፍ ነበር። «ባቡር የሚጠብቅ ሰው ለማያውቀው ሰው እውነቱን ይናገራል» ይል ነበር። አንድ ቀን የራስህን መጻፍ ትተህ የሰው ቃል ስትለቅም ለምን ትውላለህ አልኩት። «የራሴን ስጽፍ እኔ ብቻ አወራለሁ። ስብስብ ሳዘጋጅ ግን ድግስ መደገሴ ነው። ማን ከማን አጠገብ ቢቀመጥ እንደሚግባባ እያሰብኩ ወንበር እደለድላለሁ» አለኝ። ይህን ንግግሩን ያዝልኝ፤ ኋላ እንመጣበታለን።

ወደ እኛ ግቢ ያመጣው አባባን ፍለጋ ነው። በ1933 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲመጣ አባባ አስተርጓሚው ነበሩ። ሚስቱ ስትሞትበት፣ በ1964፣ አንድ ሻንጣና አንድ ታይፕ ይዞ መጣና በራችንን አንኳኳ። አባባ ከፍተው፣ ሠላሳ ዓመት እንዳልሞላ ሁሉ፣ «ዘግይተሃል» አሉት። እሱም «ባቡሩ ነው» አለ። ሰርቪሷን ቤት ተከራየ። ትርፍ ቤት ሲወረስ አከራዩ ቀበሌ ሆነ እንጂ ሚስተር ከዚያች ክፍል ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ኮልፌን ይለቅማል።

መጽሔቱ ላይ ላወጣው የማልችለው የፍተሻው ቀን ነው። መጋቢት 1969፤ አንተም ነበርክ። ያ ፈቀደ፣ ጓድ ፈቀደ፣ ያኔ ገና የአብዮት ጥበቃ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ሰርቪሷ ቤት ገባና አራት የጫማ ካርቶን ሙሉ ካርድ አገኘ። ዓይኑ ፈጠጠ። አንዱን መዘዘና ጮክ ብሎ አነበበ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ከዚያ ሚስተርን አፍጥጦ እያየ፣

«ይኼ እንቁላል የሚባለው ማነው? ወዴትስ ነው የሚሄደው?»

አንተ ሳቅህን ለመሸፈን ታስነጥሳለህ። ሚስተር በፍጹም ትሕትና ጎንበስ ብሎ «ጓድ፣ እንቁላሉን አላውቀውም። የነገሩኝን ሰው ግን አውቃለሁ፤ ስማቸው ከሥር አለ» አለው። ፈቀደ ዝቅ ብሎ አነበበ። ወይዘሮ ዘመነች፣ አጠና ተራ፣ ኅዳር 1967። የገዛ እናቱ! ጆሮው ቀላ። «እናቴ ናት እንዴ ያለችው?» አለና ካርዱን በሁለት እጁ፣ እንደ ጽላት፣ ወደ ቦታው መለሰው። ዶሮ ከሰው ግቢ ስላልያዘ፣ ስም ስለጻፈ፣ ያን ቀን ሚስተር ዳነ። አብረን ዳንን።

እንግዲህ ወደ ሰኔ ልምጣ። እጄ ይከብደኛል፤ ግን ልምጣ።

«ሦስት ሰው አብሮ ከቆመ ስብሰባ ነው» በሚባልበት ዓመት ሦስት ሽማግሌ ከየት ይገኛል? ሁለት ላክህ፤ አጎትህን አቶ ገብረአምላክንና ሚስተርን። ሚስተር ሳምንት ሙሉ ተለማመደ። «ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፤ እሺ ሳይባል አይቀመጥም» የሚለውን ከእኔ ሰምቶ ካርድ ላይ ጽፎ፣ ከሥሩ ስሜን አስፍሯል። እናቴ በሕይወት የለችምና ወጥ ቤት ሆኜ በበሩ ስንጥቅ የሆነውን ሁሉ ያየሁት እኔው ነኝ። ዝናቡ ይወርዳል። አጎትህ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ሚስተር ጃንጥላውን እንደ ዘበኛ ጠመንጃ ቀጥ አድርጎ ይዟል። አባባ በረንዳው ላይ ቆመው «ልጄ ገና ናት፤ ዘመድም አላማከርኩ» አሉ። ቁጭ በሉ አላሏቸውም። በሁለተኛው ሰንበት ደግሞ «አገሩ ይረጋጋ፤ ይህን ዓመት ተዉኝ» አሉ። አሁንም ቁጭ በሉ የለም። ሚስተር ከሰርቪሷ ቤት ሃያ እርምጃ ተጉዞ መጥቶ ሃያ እርምጃ ተመለሰ። አጎትህ ግን እስከ እህትህ ሱቅ ድረስ ተቆጥተው ሄዱ።

ሱቁ ውስጥ የተባለውን ዓለም ነች የነገረችኝ፤ ያውም ዘንድሮ። አጎትህ «ሁለት ሰንበት እንደ ለማኝ በር ላይ! ነጋዴ ነው ብለው ናቁኝ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሁላችሁም ሚስተርን አያችሁት፤ የሁሉ ሰው ቃል በካርቶኑ ውስጥ ያለ ሰው ነውና። እሱም አሰበ አሰበና፣ «በእኛ አገር ሁለት ጊዜ አይሆንም ያለን ሰው ለሦስተኛ መጠየቅ ስድብ ነው። ቀለመወርቅ ወዳጄ ነው፤ ወዳጄን አልሰድብም» አለ። በዚህ ተቋጨ። በሦስተኛው ሰንበት ማንም አልመጣም። ሐሙስ ዕለት አንተ ሻንጣህን ይዘህ ከፌርማታው ተሳፈርክ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። አላየሁሽም እንዳትል፤ አይተኸኛል።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍኩልህ። አድራሻህን የሚሰጠኝ አጣሁ፤ ዓለምም አኩርፋኝ ስታየኝ ፊቷን ታዞር ነበር። ወረቀቱን ዓመት ያህል በትራሴ ሥር ይዤ ቆየሁ። ሚስተር ፈቃዱ አልታደስ ብሎ በ1970 አገር ሲለቅ፣ እቃውን ሳስርለት፣ ሰጠሁት። ምንም አልጠየቀኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስም ማየት የማይሰለቸው ሰው ስም ሳያይ፣ አጥፎ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። «እንዳትሳሳቺ፣ ይኼ ስጦታ አይደለም፤ አደራ ነው» አለኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጻፈልኝ። ሳይላኩ የቀሩ ደብዳቤዎችን ከየአገሩ እየሰበሰበ ነው። «ካርቶኔ ውስጥ አንድ የአንቺ ነገር አለ፤ ላውጣው ወይስ ይተኛ?» አለ። እኔም ለንደን የታተመ መጽሐፍ ኮልፌ ምን ያመጣዋል ብዬ፣ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉመው ፈቅጄ፣ ከነአባቴ ስም ፈርሜ ላክሁ።

ኮልፌ መጣልህ! ሚያዝያ ላይ ከዋና ፖስታ ቤት «ጥቅል አለ» የሚል ወረቀት ደረሰ። ለእኔ አይደለም፣ ለአቶ ቀለመወርቅ። አባባ ራሳቸው ሄደው አመጡት። ውስጡ ወፍራም መጽሐፍና የእህቱ ልጅ የጻፈችው የመርዶ ደብዳቤ አለ። እኔ ሥራ ነበርኩ። ማታ ስገባ እትዬ ወለተጻድቅ ሳሎን ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ለሚስተር መሰለኝ። ለካስ ልጃቸው ሚስኪ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ መጽሐፉን ገልጣ ስታገላብጥ አንድ ገጽ ላይ «ቀለመወርቅ፣ አዲስ አበባ» የሚል አግኝታ፣ ጮክ ብላ እየተረጎመች አንብባላቸዋለች። ፈረንጅ ሰውን በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፤ የእኔ ስም ከገጹም፣ ከኋላ ካለው የስም ዝርዝርም ወድቆ የቀረው የአባባ ብቻ ነው።

«በር ላይ ቆሜ ነበር። ዝናቡ ሁለታችንን አንድ ዓይነት መታን። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ መንገዱ ራሱ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ቃሉን ይዤው ቀረሁ፤ እስካሁን ይዤዋለሁ፤ ዕቃ ቢሆን ያረጅ ነበር።»

«የእናትሽ ቀብር ዕለት ዝናብ ነበር እኮ!» አሉኝ እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው። «ለካ እንዲህ ይወዷት ኖሯል! ሰው አይታወቅም።» ሚስኪም በአድናቆት አባባን ታያለች። አባባ ግን ማንንም አያዩም። መነጽራቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ ያጸዱታል፤ የጸዳውን መልሰው ያጸዱታል።

ወሬው በማግሥቱ አስኮ ደረሰ። በሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ጓድ ፈቀደ፣ አሁን ሊቀመንበር ነው፣ ተነሣና «የቀበሌያችን ነዋሪ ብዕር ከድንበር ተሻግሮ…» ብሎ ጀመረ። ያ እንቁላል አሳዳጅ! አጨበጨቡ። ከዚያ «አባባ፣ እስኪ ይንገሩን፤ የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

እዚህ ላይ ልቤን አስበው። አይደለሁም ካሉ ኮልፌ ውስጥ ሌላ እንግሊዝኛ አዋቂ ቀለመወርቅ የለምና ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላት፣ ያላገባች፣ በሰው ሠርግ ላይ የምትጽፍ ሴት፣ ለሄደ ወንድ የጻፈችው። አባባ ደግሞ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ስሙ የእኔ ነው» አሉ።

«ለማን ነው የጻፉት?» አለች አንዷ ከኋላ።

«በሬ ላይ ቆሞ፣ ቁጭ ሳላደርገው ለሄደ ሰው» አሉና ተቀመጡ።

ሰው ሁሉ ሟች እናቴን ያሉ መስሎት ነፍሷን ይማር አለ።

ቤት ስንገባ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጠሩኝ። «እሙዬ፣ በሦስተኛው ሰንበት ምን አደረግሁ መሰለሽ?» የቱ ሦስተኛ ሰንበት አልኳቸው፣ እያወቅሁ። «ይኼን ቡናማ ካፖርት ለበስኩ። ሁለት ወንበር በረንዳ ላይ አወጣሁ። ሴት ልጁን በሁለት ልመና የሚሰጥ አባት የት አለ? ሦስተኛ ይመጣሉ፣ ቁጭ በሉ እላለሁ ብዬ እስኪመሽ ጠበቅኳቸው። አልመጡም። ናቁን አልኩ። ያ ልጅ አልወደደሽም አልኩ።» «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አባባ?» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በእሳቸው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። «ምን ብዬ?» አሉኝ። «ልጄን ለመስጠት ተዘጋጅቼ ለማኝ አጣሁ ልበልሽ?»

ለካ አይሆንም አላሉም ነበር። ገና ናት አሉ፤ ይረጋጋ አሉ። የአገራችን አባት እሺን የሚጀምረው እንዲያ ነው። ይህን ሁላችን ልናውቀው ሲገባ የአገራችንን ነገር ከእንግሊዝ ጠየቅን!

ያን ዕለት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገለጥኩት። ከኋላ ሚስተር ስለ እያንዳንዱ ደብዳቤ የጻፈው አጭር ማስታወሻ አለ። የእኔ ጋ ስደርስ እንዲህ ይላል፤ ትርጉሙ የእኔ ነው። «በዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ወደ አንድ ደግ ሰው ደጅ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሦስተኛውን አስቀረሁ። ከስምንት ዓመት በኋላ ካርዶቼን ሳገላብጥ ከአንድ ወፍጮ ቤት የለቀምኩትን አገኘሁ። ‘ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሳይመለስ ተመለሰ አይባልም።’ ተናጋሪዋ ወለተጻድቅ፣ መስከረም 1968። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቃል ስሰበስብ ኖርኩ፤ የሚያስፈልገኝ ቀን ግን ካርቶኔን አልከፈትኩም።»

ያንን ካርድ በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። አስታወስኩት። «ተመለሰ» የሚለው ላይ ተሳስቼ ደግሜ መትቼዋለሁ። ጽፌው አላነበብኩትም። እሱን ብቻ ምን ብዬ ልውቀስ?

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላጫውትህ፤ ወሬ ነው፣ እንደ ወሬ ውሰደው። በ1966 የሚስተር አሳታሚ ለታይፕ ሥራዬ የምስጋና ደብዳቤ ሲልክልኝ «ለሚስ ቀለመወርቅ» ብሎ ነበር። ሚስተር እንዴት ተቆጣ መሰለህ! «ሚስ ቀለመወርቅ የሚባል ሰው የለም፤ ቀለመወርቅ አባቷ ናቸው፤ ስሟን ጻፉ!» ብሎ የመለሰላቸውን ራሴ ነኝ በታይፕ የመታሁት። እንግዲህ ይኼ ሰው፣ ስም ያልተጻፈበት ተረት እንኳ የማይቀበል ሰው፣ በመጨረሻ መጽሐፉ የእኔን ስም በአባቴ ስም ይስታል? ጥቅሉንስ ለእኔ ሳይሆን ለአባባ ይልካል? የእህቱ ልጅ በደብዳቤዋ «አድራሻውን ከመሞቱ በፊት በገዛ እጁ ጽፎት አገኘሁ» ብላለች። ሽማግሌ ሰው ይሳሳታል፤ አሳታሚዎችም ይሳሳታሉ። እኔ ምንም አላልኩም። አንተው አስበው።

ባለፈው እሑድ አባባ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ወንበር በረንዳ ላይ አወጡ። ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ከወጥ ቤት በር፣ ከዚያችው ስንጥቅ፣ አየኋቸው። መጽሐፉን ከሳሎን አምጥተው ፊት ለፊት ትንሽ ቆሙ። ከዚያ በአንደኛው ወንበር ላይ ቀስ አድርገው አኖሩትና፣ «ዘግይተሃል፤ ግድ የለም፣ ቁጭ በል» አሉት።

ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው። አጎትህ አቶ ገብረአምላክ ደህና መሆናቸውን፣ ጋቢያቸውንም ዛሬም እንደሚያጣፉ ዓለምን ጠይቄ ለአባባ ነግሬያቸዋለሁ። አንተን ግን አልጠየቅኋትም። እሷው ናት ሳልጠይቃት «ወንድሜ ያገባው ጥቁር ሰሌዳውን ነው» ያለችኝ። ማታ ደመና ሲከብድ ወንበሩን ላስገባ ብድግ ስል አባባ «ተዪው» አሉኝ። «ውጭ ይቆይ።» ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ውጭ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልልከውም፤ በመንገድ ብዙ ሰው የሚያነብበው ደብዳቤ አይደለም። ዓለም ወደ እናንተ በሚወርድ የቡና መኪና፣ በምታውቀው ሾፌር እጅ ትልከዋለች። አብሮት አንድ ያረጀ ወረቀት ታገኛለህ። በመጽሐፉ ልባስ ሥር ታጥፎ ተመልሶልኛል፤ ትርጉሙ ለንደን ታትሟል፣ ዋናው ግን ይኸው ነው። ያኔም የአንተ ነበር። መንገዱ ነው የረዘመበት።

ሰኔ መግባቱ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዳይሬክተርም ያርፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዝናብ እንዳይመታህ፤ ጃንጥላ ያዝ። የሚስተርን ነፍስ ይማርልን፤ በዚያም ቤት ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ይደልድል። አንተን የሄድክበት መንገድ ሰላም ያድርግልህ፤ የሚመልሰውንም እንደዚያው። ተማሪዎችህ ይባረኩልህ፤ አፍንጫህም ይማርልህ።

አክባሪህ፣
የአቶ ቀለመወርቅ ልጅ